የኮምቦልቻዋ እህት አምስት ኮከብ

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ፣ ሁለት ልጅ አዝዬ አሳድጌ፣ ቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አንቀልባ እየሰፋሁ የምሸጥ ሴት ነበርኩ። አንቀልባ ስላችሁ የድሮውን ብቻ እንዳታስቡ። ቆዳው ያው የጥንቱ ነው፣ ዛጎሉም ያው ነው። እኔ የጨመርኩበት ከውስጥ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከጎን ደግሞ የጡጦ ኪስ ነው። ሙያውን ያስተማረችኝ አክስቴ ዘሀራ ናት፤ የአባቴ እህት። ስልሳ አልፏታል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቆዳ ግን በጣቷ ዳብሳ በጉ በጥጋብ ዓመት ይታረድ በችግር ዓመት ትነግራችኋለች።

ዌብሳይቱ የመጣው በውሸት ነው። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ደውላ «ዌብሳይት አላችሁ?» ስትለኝ «አለን» አልኳት። አልነበረንም። «እየተስተካከለ ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግቢ» ብዬ ዘጋሁና ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬ ላይ ተደፋሁ። ኮድ የሚባለውን አንድ መስመር አልጻፍኩም፣ አላውቅበትምም። ተሠርቶ የሚሰጥ ገጽ አለ፤ ፎቶውን ትቀይራላችሁ፣ ስሙን ትቀይራላችሁ፣ አለቀ። መብራት ሲጠፋ ጎረቤት ሄጄ ስልኬን እየሞላሁ ጨረስኩት።

የቸገረኝ የደንበኛ አስተያየት ነው። የሌሎች ሰዎች ገጽ ላይ ስገባ ከታች በኩል ኮከብና ምስጋና ተደርድሮ አያለሁ። የኔ ባዶ ነው። ደንበኛ ጠፍቶ አይደለም። እኛ አገር ሰው ዕቃ ሲወድ ይመርቃል እንጂ አይጽፍም። እናቶች ደግሞ ይባስ ናቸው። «ልጄ ተመችቶት ይተኛበታል» ብሎ በአደባባይ መጻፍ ዓይን መጥራት ነው የሚመስላቸው። እኔም እናት ነኝ፣ አልፈርድባቸውም።

ስፈልግ ስፈልግ አስተያየት ሰብስቦ ገጽ ላይ የሚያሳይ አንድ ነጻ አገልግሎት አገኘሁ። መጠይቅ ይሰጣችኋል። ሊንኩን ለደንበኛ ትልካላችሁ፣ እሷ ኮከብ ነክታ ሁለት ቃል ትጽፋለች። ከዚያ አንዲት ቁራጭ ኮድ ትመጣለች፤ ኮፒ አድርጎ ገጽ ላይ መለጠፍ ነው፣ ምን እንደምትል ማንበብ አያስፈልግም። ቀለሟን ከቆዳው ጋር አስማማኋት። ሌሎች ሁለት ምርጫዎችም አደረግሁ፤ እነሱን አስታውሱልኝ። አንደኛ፣ አራት ኮከብና ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ እኔ ሳላየው ራሱ ይለጠፍ አልኩ። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ከሦስት መስመር ካለፈ ይቆረጥና «ቀሪውን አንብብ» ይበል አልኩ፤ ካርዶቹ እኩል ሆነው እንዲያምሩ።

የኮምቦልቻዋ እህት አስተያየት የመጣው አንድ ረቡዕ ቆዳ እየቆረጥኩ ሳለ ነው። አምስት ኮከብ። ሦስቱን መስመር አነበብኩና መቀሱን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። ወዲያው ከሁሉም በላይ እንዲቀመጥ አደረግኩት። ስልክ ለያዘ ዘመድ ሁሉ ላክሁት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ገጼን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር።

በአሥረኛው ቀን፣ አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አክስቴ ዘሀራ ቆዳ ተሸክማ መጣች። ላቧን ጠርጋ በርጩማው ላይ ከተቀመጠች በኋላ፣

«እስኪ ያችን የኮምቦልቻዋን አንብቢልኝ» አለች።

«አንብቤልሽ የለም እንዴ አክስቴ?»

«ሰላምታዋን ነው ያነበብሽልኝ። ሰላምታዋ መች አለቀ። የሥራውን ጠይቃ፣ የቤተሰቡን ጠይቃ፣ እኔን ሳትጠይቅ ታቆማለች? የወሎ ልጅ አይደለችም?»

«አንቺን በምን ታውቅሽና።»

«ፎቶዬን ለጥፈሽ የለም? አንብቢ አቦ፣ አታሳጥሪብኝ።»

እየሳቅሁ ከፈትኩት። ከላይ ጀመርኩ።

«አሰላሙ አለይኩም እህቴ ሉባባ። እንዴት ሰነበትሽ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ሥራ ደህና። እጅሽ ይባረክ፤ አንቀልባሽን ያየ ሁሉ ከየት አመጣሽው እያለ መውጫ አሳጥቶኛል። አላህ ሥራሽን ያስፋልሽ…»

«አሚን። ቀጥይ።»

«ቀሪውን አንብብ» የምትለዋን በጣቴ ነካኋት። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«…ያስተማረችሽን አክስትሽንም ዕድሜ ይስጥልኝ» ስል አክስቴ «አላልኩሽም?» ብላ ጉልበቷን መታች። ቀጠልኩ። «አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው እህቴ፣ እንዳይከፋሽ። ባለፈው ጁምዓ ልጄን አዝዬ ደረጃ ስወርድ የግራው ማንገቻ ስፌቱ ተተረተረ። ልጁ ወደ ጎን ሲንሸራተት ባለቤቴ ከኋላዬ ስለነበር በእጁ ቀለበው። አልሐምዱሊላህ ምንም አልሆነም። ምናልባት የኔ ብቻ ይሆናል። ለሌሎቹ እናቶች ብታዪላቸው ብዬ ነው። ደውዬ እንዳልነግርሽ ድምፄ ቁጣ እንዳይመስልሽ ፈራሁ። በሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ኮከቡን አምስት አድርጌዋለሁ።»

አክስቴ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። እጇን ዘርግታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አንቀልባ አወረደችና የግራውን ማንገቻ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«በየትኛው ክር ነው የሰፋሽው?» አለችኝ።

በየትኛው እንደሆነ አውቅ ነበር። ከወር በፊት በሰም የታሸው የጫማ ክር አልቆብኝ ከደሴ እስኪመጣ አምስት ቀን ይቀረው ነበር፤ ትዕዛዝ ተደራርቦ ነበር። ወንድሜ አውድማ ላይ የማሽላ ክምር ያለበሰበት ማዳበሪያ ነበረ፣ ነጭ ከረጢት። ከሱ ክር መዝዤ፣ ሦስት ሦስቱን ገምጄ ሰፋሁበት። ስጎትተው ጠንካራ ነበር። ያ ከረጢት ግን በጋውን ሙሉ የቆቦ ፀሐይ ላይ የዋለ ነው። ፀሐይ የበላው የማዳበሪያ ክር መጀመሪያ ያታልላል፤ ሲታሽ ሲታጠፍ ነው የሚፈረፍረው። አክስቴ ያን ቀን አጠገቤ ነበረች። «ክሩ መልኩ ያምራል ልጄ፣ እጅሽም ፈጣን ነው፣ ፀሐይ ግን…» ስትል ስልክ ጮኸና ተነሳሁ። ተመልሼ አልጠየቅኋትም። የሰማሁት «ያምራል» የሚለውን ነበር።

በዚያ ክር የሰፋሁት ስድስት ነው። አንዱ ኮምቦልቻ፤ አንዱ አክስቴ እጅ ላይ። አራቱ ልጅ ተሸክመዋል።

ስልኩን አነሳሁ። የወልዲያዋ አነሳች፤ ልጇ አልጋ ላይ ተኝቷል፣ «አንቀልባውን እንዳትነኪው» አልኳት። የአዲስ አበባዋ አነሳች። የሮቢቷን ስልክ ባሏ አነሳውና ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ «ቆይ ልስቀለው» ብሎ ሲሄድ እርምጃውን በስልኩ ውስጥ ሰማሁት። የዋጃዋ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ። ዝግ ነው።

የዋጃዋ ታደለች ትባላለች። ባለፈው እሑድ ሱቄ ድረስ መጥታ፣ ልጇን እዚያው አዝላ፣ መስታወት ፊት ሁለት ጊዜ ዞራ ነው የወሰደችው። የአራት ወር ወንድ ልጅ ነው። «ሽንኩርት ለቀማ ደርሷል፣ ጀርባዬ ላይ ሆኖ አብረን ነው የምንውለው» ያለችኝ ትዝ አለኝ። ሽንኩርት ለቀማ ማለት ቀኑን ሙሉ ማጎንበስና መነሳት ነው።

«ሂጂ» አለችኝ አክስቴ። «እኔ ደኅና ክር ይዤ እዚህ እቀመጣለሁ። አብሽሪ። ግን ሂጂ።»

ሚኒባሱ ሁለት ሰው ይቀረው ነበር። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ዋጃ፣ አላማጣ» ይላል። «የሁለቱን እኔ እከፍላለሁ፣ ንዳ» አልኩት። ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ፣

«እትዬ፣ ሰርግ ነው?» አለኝ።

«ልጅ ነው» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም፤ ነዳ።

መንገዱን ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ግመል ሲያቋርጥ ቆምን። ከባድ መኪና ሲያልፍ ቆምን። አስፋልት ዳር ልጅ ያዘለች ሴት ባየሁ ቁጥር አንገቴ ይዞራል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት መቁጠሪያቸውን እየገፉ «ልጄ፣ መቀመጫው ላይ እሾህ አለ እንዴ?» አሉኝ። ልስቅላቸው ፈለግሁ፣ ፊቴ አልታዘዝ አለኝ። ስልኩን ደጋግሜ ስደውል «ዝግ ነው» የምትለዋ ድምፅ በጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ዋጃ ወርጄ የመጀመሪያውን ባጃጅ ያዝኩ።

«ታደለች የምትባል ሴት ታውቃለህ?»

«ዋጃ ውስጥ ስንት ታደለች አለች መሰለሽ?»

«ዛጎል ያለው አንቀልባ ያዘለች።»

«እ፣ እሷንማ ማን የማያውቃት አለ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። «ያን ነገር ካመጣች ጀምሮ ወደ ማሳ የምትሄደው በገበያው ዞራ ነው፤ ሰው ሁሉ እንዲያይላት። ግቢ።»

ቀልዱ እሱን ብቻ ነው ያሳቀው። ያን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ።

ባጃጁ እስከሚገባበት ገብቶ አወረደኝ። ከዚያ ወዲያ የመስኖ ማሳ ነው፤ አረንጓዴና ቡናማ፣ ሴቶቹ በመስመር ያጎነበሱበት። ትልቁ ቦይ ሁለቱን ማሳ ይከፍለዋል። በላዩ ላይ መሻገሪያ ተብሎ አንድ ጠርብ እንጨት ተጋድሟል። ዛጎሉን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ፀሐይ ላይ ብልጭ አለ። ታደለች ከወዲያ ማዶ የሽንኩርት ቅርጫት በጭንቅላቷ ተሸክማ ወደ እንጨቱ እየመጣች ነው።

ልጮህ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ብጮህ ትዞራለች። ስትዞር ክብደቱ ወደ ግራ ይሄዳል።

ሮጥኩ። ስደርስ እሷ እንጨቱ ላይ ወጥታለች። ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም፤ በጫማዬ፣ በቀሚሴ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ውኃው ከጉልበቴ በላይ ነበር፣ ጭቃው አንዱን ጫማዬን ያዘው፣ ተውኩለት። ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ከልጁ ሥር ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ አንቺ ሴትዮ?» አለች ታደለች ከላይ፣ ደንግጣ።

«አትዙሪ። ቀስ ብለሽ ተሻገሪ።»

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ። ሉባባ? የአንቀልባዋ ሉባባ?»

«አዎ። ተሻገሪ።»

«ውኃ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተሻገሪና እነግርሻለሁ። እባክሽ የኔ እህት።»

አንድ እርምጃ ሄደች። እኔም ከሥር አንድ እርምጃ። እንደዚያ እያልን፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች፣ የልጁ እግር ጣቶቼን እየነካ ተሻገርን። ማሳው ውስጥ ያሉት ሴቶች ቀና ብለው ያዩን ነበር፤ አንዷ «ይቺ ሴት ጥምቀቷን ዛሬ አደረገችው» ስትል ሰማሁ።

ዳር ስንደርስ «አውርጂው» አልኳት። ቅርጫቷን አስቀመጠች፣ ልጁን ግን አላወረደችም። ነጠላዋን ስባ ፊቱን ሸፈነችብኝ። እውነቷን ነው፤ ከውኃ ውስጥ የወጣች፣ አንድ እግሯ ባዶ የሆነ፣ ልጅሽን ስጪኝ የምትል ሴት ማን ያምናል።

«ዛጎሉ ቆጨሽ አይደል?» አለችኝ። «ልትወስጂው ነው የመጣሽው። ገና ከሱቅሽ ስወስደው ዓይንሽ እሱ ላይ ነበር።»

«ዛጎሉ ይቅርብሽ አላልኩም። የግራውን ማንገቻ ልይ።»

ትከሻዋን ሰጠችኝ። ስፌቱን በአውራ ጣቴ ጥፍር አንዴ ፋቅ አደረግሁት። ክሩ አልተበጠሰም፤ ዱቄት ሆኖ ጣቴ ላይ ቀረ። ቆዳው ከቆዳው ተላቀቀ። ልጁ ወደ ጎን ዘመም ሲል በክንዴ ያዝኩት። የቀረው ሦስት ስፌት ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ።

ታደለች ዞራ አየችው። ከዚያ ቦዩ ዳር ቁጭ አለች። ልጁን ጭኗ ላይ አደረገችው። ልጁ አንድ ጊዜ አፉን ከፍቶ አዛጋና ተኛ።

«ትናንት አይቼው ነበር» አለች። «ሲላላ አይቼዋለሁ። ቆዳ ሲለምድ እንዲህ ነው ብዬ።»

«ምነው ታዲያ አልደወልሽልኝ?»

«እንዴት ብዬ? ደጅሽ ላይ ቆሜ መርቄሽ እኮ ነው የወሰድኩት። ሳምንት ሳይሞላ ደውዬ ሥራሽ ክፉ ነው ልበልሽ?» ነጠላዋን ከልጁ ፊት ላይ ቀስ ብላ ገለጠች። «ነውር ነው የመሰለኝ።»

ፎጣዬን ፈትቼ ልጁን በሱ አሳዘልኳት። እሷ ደግሞ እግሬን አየችና ያደረገችውን የላስቲክ ጫማ አውልቃ ሰጠችኝ። «ቤቴ ቅርብ ነው። አንቺ በአንድ እግርሽ ቆቦ ብትገቢ እኔን ነው የሚያሙኝ» አለች።

ወደ ቤት የተመለስኩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ ከተውኳት ቦታ አልተነሳችም። ያን የቀረውን አንቀልባ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈትታ፣ ክሩን ወረቀት ላይ ሰብስባ ጠበቀችኝ። «ደረስሽ?» አለችኝ። «ደረስኩ» አልኳት።

ከዚያ ስልኬን ከፈትኩ። የኮምቦልቻዋ ካርድ እንደነበረ ነው፤ ሦስት መስመር ምርቃትና አምስት ኮከብ። ጎኑ ላይ «ደብቅ» የምትል ነገር አለች። አንዴ ብነካት ማንም አያውቅም ነበር። ጣቴ እዚያ ድረስ ሄዷል፤ አልዋሻችሁም። ሄዶ ቆመ። አክስቴ ታየኝ ነበር፣ ምን እንደማደርግ ግን አታውቅም።

ወደ ኮምቦልቻ ደወልኩ። የዋጃውን ሁሉ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ አለቀስኩም መሰለኝ። ከዚያ፣

«ኮከቡን ወደ አንድ አውርጂው» አልኳት።

«ኧረ አላደርገውም።»

«እባክሽ። እውነቱ እሱ ነው።»

«ሉባባ፣ ዋጃ ድረስ ሄደሽ ቦይ ውስጥ ገብተሽ ወላሂ አንድ አልሰጥሽም። ቃሉን እንደፈለግሽ ዘርግተሽ አሳዪው። ኮከቡን አትንኪብኝ።»

እስከ ዛሬ አምስት ነው። ቃሉን ግን ዘረጋሁት። የመቁረጫዋን ምርጫ አጠፋሁ፤ ካርዶቹ አሁን አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆነው ሲታዩ አያምሩም። ሳላነብ የሚለጠፍ ነገርም የለም፤ አንድ ኮከብም ቢመጣ አንብቤ እለጥፈዋለሁ። ከሥሩ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፦ ክሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ስድስቱን። በዚያ ሳምንት ሁለት ትዕዛዝ ተሰረዘብኝ። ስድስቱንም እንደ አዲስ ሰፍተን የተሸጡትን አምስቱን ለእናቶቹ መለስን።

እናንተም ትንሽ ሱቅ፣ ትንሽ ገጽ ያላችሁ ትኖራላችሁ። አስተያየት ማሳየት ቀላል ነው፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ያቆምኩት በስልኬ ሠርቼዋለሁ። የሚከብደው ሌላ ነው። እኔ ያን መሣሪያ የሠራሁት ሰው እንዲያይልኝ ነበር፤ እኔ እንዳነብበት አልነበረም። የእኛ ሰው ደግሞ የከፋውን ነገር ይዞ ሲመጣ በር ላይ አይጥለውም። ሰላምታውን ያስቀድማል፣ ይመርቃል፣ ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ብሎ የሚያወጣው። ቶሎ አመስግኖ የዘጋ ሰው እሱን አይሰማም። አሁን መጠይቄ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። አንደኛው ለሰላምታና ለምርቃት ነው፣ እሱን አልከለክልም። ሁለተኛው «ምን ጎደለ? ብትነግሪኝ አታሳፍሪኝም» ይላል። መጀመሪያ የምከፍተው ሁለተኛውን ነው። ታደለች አንድ ቀን «የጡጦው ኪስ ጠባብ ነው፣ ጫማዬንም አልመለስሽም» ብላ ጽፋበታለች። ሁለቱም እውነት ነበር።

አሁንም ስልኬ ጢን ሲል ልቤ ይዘላል። ድሮ በደስታ ነበር። አሁን ተነስቼ ቆሜ ነው የማነበው፣ እስከ መጨረሻው።

አክስቴ ዘሀራ ግን ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስታ አልወቀሰችኝም። በማግስቱ ከአውድማው ላይ ያን ማዳበሪያ ገፍፋ ወንድሜን ሌላ እንዲገዛ አዘዘችው። ከዚያ ወዲህ አንድ አንቀልባ ተሰፍቶ ባለቀ ቁጥር ማሽላ በትንሽ ከረጢት ሞልታ ትከትበታለች፣ ታዝለዋለች፣ እስከ መናኸሪያው ሄዳ ትመለሳለች። ባጃጅ ነጂዎቹ «እማማ ዘሀራ፣ ዛሬም ወለዱ?» ይሏታል። «አዎ» ትላቸዋለች። ተመልሳ ማሽላውን ታወጣለች፣ የግራውን ማንገቻ በጣቷ ትዳብሳለች፣ ከዚያ «ላኪው» ትለኛለች።